የሮልስ ሮይስ አውቶሞቢል ታሪክ



በዚህ ዓመት ለመጽሔታችን ስለ አንድ የውጭ አገር አውቶሞቢል ታሪክ ለመጻፍ ብዕሬን ሳነሣ፤ «ይህ ለእኛ ምን ይጠቅመናል? እኛ በእግራችንና በአውቶቡስ የምንሄድ ተማሮች አይደለንምን?» የሚል ጥያቄ እንደሚቀርብልኝ ዐውቃለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ስለዚህ ይህን ነገር እንድመረምር ያነሣሡኝን ሁለት ምክንያቶች አስቀድሜ እገልጣለሁ።

የመጀመሪያው ምክንያት ክርክር ነው። አንድ ቀን በዕረፍት ሰዓት ከክፍል ጓደኞቼ ጋራ ስንጫወት፤ አንዱ ጓደኛችን «ሮልስ ሮይስ በዓለም ላይ ካሉት መኪናዎች ሁሉ የከበረው ነው» አለ። ሁለተኛው ግን «የለም፤ ሮልስ ሮይስ የአውሮፕላን ሞተር ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ኤርባስ ኤ350 አውሮፕላኖች የሚበሩት በርሱ ሞተር ነው» ሲል ተከራከረ። እኔም አስታራቂ ልሁን ብዬ «ሁለቱንም የሚሠራው አንድ ኩባንያ ነው» አልሁ። ኋላ ነገሩን ስመረምር፤ ከሦስታችን ይልቅ የተሳሳትሁት እኔው አስታራቂው መሆኔን ተረዳሁ። እንዴት እንደ ሆነ ወደ ጽሑፉ መጨረሻ ይገለጣል።

ሁለተኛው ምክንያት የቤት ነገር ነው። የዘንድሮውን ትምህርት ስጨርስ የሞተር ሥራ ለመማር ወደ ቴክኒክ ትምህርት ቤት መግባት እንደምፈልግ ለአባቴ ነገርኋቸው። አባቴም ጥቂት ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ «ልጄ፤ ይህን ሁሉ ዓመት ያስተማርሁህ መካኒክ እንድትሆን ነውን?» አሉኝ። በቍጣ አልተናገሩም፤ በሐዘን እንጂ። እኔም በዚያ ሰዓት የምመልሰው ቃል አላገኘሁም። ይህን ታሪክ ሳጠና ግን መልሱን ያገኘሁ መስሎኛል።

በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስታውስልኝ እለምናለሁ።

የባለ ወፍጮው ልጅ

ሮልስ ሮይስ የሚለው ስም የሁለት ሰዎች ስም ነው። በስሙ አቀማመጥ ሮይስ ሁለተኛ ቢሆንም በሥራው ግን ቀዳሚ ስለ ሆነ ታሪኩን ከርሱ እጀምራለሁ።

ሄንሪ ሮይስ መጋቢት 27 ቀን 1863 በእንግሊዝ አገር፤ ፒተርቦሮ በምትባል ከተማ አጠገብ፤ አልዋልተን በምትባል መንደር ተወለደ። ከአምስት ልጆች መካከል የመጨረሻው ነበረ። አባቱ የወፍጮ ሥራ የሚሠሩ ሰው ነበሩ፤ ነገር ግን ሥራው አልሳካ ስላላቸው ቤተ ሰቡ ተቸግሮ ወደ ሎንዶን ሄደ። በ1872 አባቱ ሲሞቱ ሮይስ የ9 ዓመት ልጅ ነበረ።

ከዚያ በኋላ የሮይስ ኑሮ በየከተማችን መንገድ ላይ በየቀኑ የምናየው የልጆች ኑሮ ሆነ። ጋዜጣ ሸጠ። የቴሌግራም መልእክት ይዞ በየቤቱ እየዞረ አደለ። ትምህርት ቤት የገባበት ጊዜ እጅግ አጭር ነው። በዚህ ዓይነት ዕድሜው 14 ሲሆን አንዲት አክስቱ አዝነውለት በዓመት 20 ፓውንድ እየከፈሉ በፒተርቦሮ በሚገኘው የምድር ባቡር ፋብሪካ ተለማማጅ ሆኖ እንዲገባ አደረጉት። በዚያም ብረት መሞረድን፣ መለካትንና ማገጣጠምን ተማረ። ከሦስት ዓመት በኋላ ግን የአክስቱ ገንዘብ አለቀና ልምምዱን ሳይፈጽም ወጣ። ስለዚህ ይህ በኋላ ዘመን ስሙ በዓለም የተጠራ መሐንዲስ፤ የትምህርትም ሆነ የልምምድ ምስክር ወረቀት አልነበረውም።

ሮይስ ግን ተስፋ አልቈረጠም። ቀን በፋብሪካ እየሠራ ማታ ማታ ሒሳብና በዚያ ዘመን አዲስ የነበረውን የኤሌክትሪክ ትምህርት ያጠና ነበር። በኤሌክትሪክ ኩባንያ ተቀጥሮ ጥቂት ጊዜ ከሠራ በኋላ በ1884 ክሌርሞንት ከሚባል ጓደኛው ጋራ ሆኖ በማንቸስተር ከተማ፤ ኩክ ስትሪት በሚባል መንገድ ትንሽ ፋብሪካ አቋቋመ። ሮይስ ያወጣው ገንዘብ ከደመወዙ ያጠራቀመው 20 ፓውንድ ነበር። በመጀመሪያ የሠሩት የበር ደወል ነው። ቀጥሎም ዲናሞና በኤሌክትሪክ የሚሠራ ዕቃ ማንሻ ክሬን መሥራት ጀመሩ። የርሱ ክሬን የማይሰበርና አደጋ የማያደርስ ነው ተብሎ ተመሰገነ።

ሃያ ዓመት ያህል በዚህ ሥራ ከቆየ በኋላ ሮይስ ዴኮቪል የምትባል የፈረንሳይ አገር መኪና ገዛ። መኪናይቱ በዚያ ዘመን መጥፎ የምትባል አልነበረችም። ሮይስ ግን ጩኸቷንና መንቀጥቀጧን አልወደደላትም። እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ይበል። ሌላ ሰው ቢሆን ወይ ይሸጣት፤ ወይም እያማረረ ይነዳት ነበር። ሮይስ ግን ፈታታት፤ እያንዳንዷን ክፍል ለካ፤ ጉድለቷን መረመረ። ከዚያም «ከዚህ የተሻለ መሥራት እችላለሁ» ብሎ በዚያው በክሬኑ ፋብሪካ ውስጥ ሦስት መኪናዎች ለመሥራት ተነሣ። የመጀመሪያይቱ መኪና ሚያዝያ 1 ቀን 1904 ከኩክ ስትሪት ፋብሪካ በራሷ ኀይል ወጣች። ሁለት ሲሊንደርና 10 የፈረስ ጕልበት ነበራት።

ሮይስ አዲስ ነገር ፈጠረ ለማለት አይቻልም። አውቶሞቢል ከርሱ በፊት በጀርመንና በፈረንሳይ አገር ተሠርቶ ነበር። የርሱ መርሕ ያለውን መልካም ነገር ወስዶ የተሻለ ማድረግ ነው። የአገራችን ሰው «ቀስ በቀስ ዕንቍላል በእግሩ ይሄዳል» እንደሚለው፤ ከደወል ወደ ዲናሞ፤ ከዲናሞ ወደ ክሬን፤ ከክሬን ወደ አውቶሞቢል ደረሰ።

የባላባቱ ልጅ

ሁለተኛው ሰው ቻርልስ ሮልስ በኑሮው ከሮይስ ፈጽሞ የተለየ ነበረ። በ1877 በሎንዶን ከተማ ከባለጸጎች ሰፈር ተወለደ። አባቱ ሎርድ ላንጋቶክ የሚባሉ ባላባት ናቸው። በኢተን ትምህርት ቤትና በካምብሪጅ ዩኒቨርስቲ ተማረ። ትምህርቱም የመሐንዲስነት ነበር።

በ1896 ገና ተማሪ ሳለ ፔጆ የምትባል መኪና ከፈረንሳይ አገር አስመጣ። በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ አገር የነበረው ሕግ ለእኛ ዛሬ የሚያስቅ ነው። እስከዚያ ዓመት እስከ ኅዳር ወር ድረስ መኪና በመንገድ ላይ በሰዓት ከ4 ማይል፤ ማለት ከ6 ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል በላይ እንዳይሄድ፤ ከፊቱም አንድ ሰው በእግሩ እየቀደመ እንዲሄድ ያዝዝ ነበር።

ሮልስ በ1903 በሎንዶን የመኪና መሸጫ ከፈተ። የሚሸጣቸው መኪናዎች ከፈረንሳይና ከቤልጅግ የሚመጡ ነበሩ። በአገሩ የተሠራ ጥሩ መኪና አጥቶ የባዕድ አገር ዕቃ መሸጡ ያሳዝነው ነበር። ሁለቱንም የሚያውቅ ሄንሪ ኤድመንድስ የሚባል ሰው ግን ሮልስን ወደ ማንቸስተር ይዞት ሄደ። ግንቦት 4 ቀን 1904 በሚድላንድ ሆቴል ከሮይስ ጋራ አገናኛቸው። ሮይስ የ41 ዓመት ሰው፤ ሮልስ የ26 ዓመት ወጣት ነበሩ። ሮልስ ሁለት ሲሊንደር ያለው ሞተር ይንቀጠቀጣል ብሎ ስለሚያምን መኪናይቱን የተመለከታት በጥርጣሬ ነበር። በተቀመጠባት ጊዜ ግን ጸጥታዋና ልስላሴዋ አስደነቀው። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ 23 ቀን፤ ሮይስ የሚሠራቸውን መኪናዎች ሁሉ ሮልስ እንዲሸጥ፤ ስማቸውም «ሮልስ ሮይስ» እንዲባል ውል ተዋዋሉ። ኩባንያው በሕግ የተቋቋመው መጋቢት 15 ቀን 1906 ነው።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የተባለው ለዚህ ነው። አንዱ እጅ ነበረው፤ ገበያ አልነበረውም። ሁለተኛው ገንዘብና ወዳጅ ነበረው፤ የሚሸጠው የአገሩ ሥራ አልነበረውም። ሦስተኛውን ሰው መርሳት ግን አይገባም። ይኸውም ሥራ አስኪያጁ ክሎድ ጆንሰን ነው። ስሙ በመኪናው ላይ አልተጻፈም፤ ነገር ግን የሚያውቁት ሰዎች «በሮልስና በሮይስ መካከል ያለችው ሰረዝ እርሱ ነው» ይሉት ነበር።

የስድስቱ ሲሊንደር ችግር

አሁን ጥቂት ወደ ፊዚክስ ትምህርታችን ልመለስ። በሞተር ውስጥ ቤንዚንና አየር ተደባልቀው ሲቃጠሉ ፒስተኑን በኀይል ይገፉታል። ፒስተኑም ክራንክ ሻፍት የሚባለውን ዘንግ ያዞረዋል። ሲሊንደሮቹ ጥቂት ከሆኑ ግፊቱ ቶሎ ቶሎ ስለማይመጣ ሞተሩ ይንቀጠቀጣል። ሲሊንደሮቹ 6 ሲሆኑ ግን አንዱ ግፊት ሳያበቃ ሌላው ስለሚተካው መኪናው ለስላሳ መሆን ይገባዋል። ይህ በወረቀት ላይ ነው።

በሥራ ላይ ግን ሌላ ችግር መጣ። ስድስት ሲሊንደር በአንድ መሥመር ሲደረደር ዘንጉ ረጅም ይሆናል። ረጅምና ቀጭን ዘንግ በተገፋ ቍጥር፤ ልብስ አጣቢ እርጥብ ልብስ እንደሚጠመዝዝ፤ በጥቂቱ ይጠመዘዛል፤ መልሶም ይፈታል። ልጅ በዥዋዥዌ ላይ ተቀምጦ ሳለ ልክ በሚመለስበት ሰዓት እየጠበቅን ብንገፋው ግፊታችን ትንሽ ቢሆንም ከፍታው እየጨመረ እንደሚሄድ ሁላችንም እናውቃለን። በሞተሩም ውስጥ እንዲሁ ነው። በአንድ በተወሰነ ፍጥነት ላይ የፒስተኖቹ ግፊትና የዘንጉ መመለስ ይገጣጠማሉ፤ መጠምዘዙ እያደገ ይሄዳል፤ በመጨረሻም ብረቱ ይሰበራል። ከፊዚክስ መምህራችን «ረዞናንስ» እያልን የተማርነው ይህ ነው። በሮይስ የመጀመሪያ ባለ 6 ሲሊንደር መኪና ላይም ዘንግ መሰበር ደርሷል።

ሮይስ ችግሩን የፈታው እንደሚከተለው ነው። ሲሊንደሮቹን ሦስት ሦስት አድርጎ በሁለት ከፈለ። ዘንጉን ወፍራምና ጠንካራ አደረገ፤ እንዳይወላገድም በ7 ኩሽኔታዎች ላይ አስቀመጠው። ዘይቱም በፓምፕ እየተገፋ በየኩሽኔታው እንዲደርስ አደረገ። የመኪናውን ሻንሲ እንኳ ሲያገጣጥም፤ በሥራ ብዛት ሊላላ በሚችል ችንካር ፈንታ፤ በቀዳዳው ልክ ተሞርዶ የሚገባ ጫፉ ቀጠን ያለ ቡሎን እንዲሆን አዘዘ። መኪናውን የሚገዛ ባለጸጋ ይህን ቡሎን በሕይወቱ አንድ ጊዜ እንኳ አያየውም። ሮይስ ግን የማይታየውን ነገር እንደሚታየው አድርጎ ሠራው።

የብር መንፈስ

ይህ አዲስ ሞተር የገባበት መኪና በ1906 መጨረሻ በሎንዶን ኤግዚቢሽን ቀረበ። በ1907 ከነዚህ መካከል አንደኛዋ መኪና በአሉሚኒየም ቀለም ተቀብታ፤ ጌጦቿም በብር ተለብጠው፤ «ሲልቨር ጎስት» የሚል ስም ተሰጣት፤ ትርጓሜውም «የብር መንፈስ» ማለት ነው። ብር የተባለችው በመልኳ፤ መንፈስ የተባለችው ስትሄድ ድምፅዋ ስለማይሰማ ነው።

ጆንሰን ሰው በወሬ ብቻ እንደማያምን ያውቅ ነበርና መኪናይቱን በምስክሮች ፊት ለፈተና አቀረባት። ፈተናው 15,000 ማይል፤ ማለት 24,000 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ፤ ከእሑድ በቀር ሌሊትና ቀን መጓዝ ነበር። መኪናይቱ 629 ማይል እንደ ተጓዘች ቆመች። ምክንያቱም በመንገዱ መንገጫገጭ የቤንዚኑ መዝጊያ በራሱ ስለ ተዘጋ ነው። መዝጊያው ተከፍቶ ጕዞዋን ቀጠለች። ከዚያ በኋላ የቀረውን 14,371 ማይል አንድ ጊዜ እንኳ በብልሽት ሳትቆም ፈጸመች።

ጕዞው ሲያልቅ መርማሪዎች መኪናይቱን ፈታትተው እያንዳንዷን ክፍል ለኩ። እንደ አዲስ ለማድረግ መለወጥ የሚገባቸው ዕቃዎች ዋጋ ተደምሮ 2 ፓውንድ ከ2 ሽልንግ ከ7 ፔንስ ብቻ ሆነ። እኔ በዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ ከተጠቀሱት ገንዘቦች ሁሉ ይልቅ ይህ ትንሽ ሒሳብ ይበልጥብኛል። የመኪናው ክብር የተገኘው ከብሩ ልብጥ ሳይሆን ከዚህ ሒሳብ ነው። ብሩን ማንም ሊለብጥ ይችላል።

ኩባንያው በ1908 ወደ ደርቢ ከተማ ተዛውሮ ትልቅ ፋብሪካ ሠራ። እስከ 1926 ድረስ በእንግሊዝና በአሜሪካ አገር ከ7,800 የሚበልጡ የዚህ ዓይነት መኪናዎች ተሠሩ። በዚያ ዘመን ሮልስ ሮይስ የሚሠራው ሞተሩንና ሻንሲውን ብቻ ነበር። ከላይ ያለውን አካል ገዢው ራሱ በመረጠው ባለ ሙያ ያሠራው ነበር። ከ1911 ጀምሮ ደግሞ ቻርልስ ሳይክስ የሚባል ቀራፂ የሠራት፤ ልብሷ በነፋስ እንደ ክንፍ የተዘረጋ፤ ወደ ፊት ያጎነበሰች የሴት ምስል በራዲያተሩ ላይ መቆም ጀመረች። ዛሬም ድረስ የመኪናው ምልክት እርስዋ ናት።

ከሮልስ ሞት በኋላ

ሮልስ ከመኪና ይልቅ ልቡ ወደ አውሮፕላን አዘነበለ። በሰኔ ወር 1910 በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል ያለውን ባሕር ሳያርፍ ደርሶ መልስ ተሻገረ፤ ይህንንም በማድረግ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ነገር ግን በሚቀጥለው ወር፤ ሐምሌ 12 ቀን፤ በቦርንመዝ ከተማ በሕዝብ ፊት ሲበር የአውሮፕላኑ ጅራት ተሰብሮ ወደቀና ሞተ። ዕድሜው 32 ነበር።

በ1911 ደግሞ ሮይስ በጽኑ ታመመ። ምግቡንና ዕረፍቱን እየረሳ ሲሠራ የኖረ ሰው ነበርና ጤናው ተጎዳ። ከዚያ ወዲህ ከፋብሪካው ርቆ በደቡብ ፈረንሳይና በእንግሊዝ አገር የባሕር ዳር በምትገኝ ዌስት ዊተሪንግ በምትባል መንደር ተቀምጦ፤ ከጥቂት ነዳፊዎች ጋራ ሆኖ ሥዕሉን እያዘጋጀ ወደ ደርቢ ይልክ ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአውሮፕላን ሞተር እንዲሠራ ተጠይቆ በ1915 «ኢግል» የተባለውን ሞተር አስገኘ። በ1919 አልኮክና ብራውን የተባሉ ሁለት አብራሪዎች የአትላንቲክን ውቅያኖስ ሳያርፉ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሻገሩት በሁለት የኢግል ሞተሮች ነው። በመኪናውም በኩል በ1925 «ፋንተም» የተባለው ዓይነት ወጣ። በ1931 ኩባንያው ተወዳዳሪውን ቤንትሊን ገዛ።

ሮይስ በ1930 ከንጉሡ የማዕርግ ስም ተቀበለ። እርሱ ግን ራሱን «መካኒክ» እያለ መጥራት ይወድ ነበር። በቤቱም የሚወደው አንድ የላቲን አባባል ነበረ። ትርጓሜው ሥራ የቱንም ያህል ዝቅተኛ ቢሆን በትክክል ከተሠራ የከበረ ነው ማለት ነው። ሚያዝያ 22 ቀን 1933 በ70 ዓመቱ ዐረፈ። በ1940 የእንግሊዝን ሰማይ ከጠላት አውሮፕላን የጠበቁት ስፒትፋየርና ሃሪኬን የተባሉት የጦር አውሮፕላኖች የበረሩት «መርሊን» በሚባለው የሮልስ ሮይስ ሞተር ነው።

ከጦርነቱ በኋላ በ1946 የመኪናው ሥራ ወደ ክሩ ከተማ ተዛወረ። ከ1949 ጀምሮ ፋብሪካው መኪናውን ከነሙሉ አካሉ ሠርቶ መሸጥ ጀመረ። በ1950 የተጀመረው አራተኛው ፋንተም ለነገሥታትና ለአገር መሪዎች ብቻ ተብሎ 18 ብቻ ተሠራ።

ውድቀት

እስከዚህ ድረስ ታሪኩ ሁሉ ምስጋና ነው። እውነተኛ ታሪክ ግን ውድቀትንም መናገር አለበት።

ኩባንያው በ1960ዎቹ ዓመታት ትራይስታር ለሚባል የአሜሪካ አውሮፕላን «አር ቢ 211» የተባለ አዲስ ሞተር በተወሰነ ዋጋ ሠርቶ ለማስረከብ ውል ገባ። ለሞተሩም የፊት ክንፎች እንደ ብረት ጠንካራና ከብረት የቀለለ፤ ከካርቦን ክር የተሠራ አዲስ ነገር መረጠ። በፈተና ጊዜ ግን ወፍ ሲመታቸው የሚሰባበሩ ሆነው ተገኙ። ስለዚህ በቲታኒየም መተካት ግድ ሆነ። ወጪው ከታሰበው እየበለጠ ሄደ። የካቲት 4 ቀን 1971 ያ ታላቅ ኩባንያ ዕዳውን መክፈል አቅቶት ከሰረ። መንግሥት የአውሮፕላን ሞተሩን ክፍል ገዝቶ አዳነው፤ የመኪናው ክፍል ግን በ1973 ተለይቶ ራሱን የቻለ ኩባንያ ሆነ። ሞተሩ ከብዙ ድካም በኋላ ተሳክቶለት እጅግ የታመነ ሞተር ሆኗል፤ ነገር ግን ገንዘቡ ሥራው እስኪያልቅ አልጠበቀም።

ከዚህ የምንማረው ነገር አለ። ጥሩ ሥራ ብቻውን አይበቃም፤ ሒሳብ ማወቅም ያስፈልጋል። ሮይስ አጠገቡ ሮልስና ጆንሰን ባይኖሩት ኖሮ እርሱም ምናልባት ከብዙ ዓመት በፊት በከሰረ ነበር።

ስም ስንት ያወጣል?

አሁን ወደ ጓደኞቼ ክርክር እመለሳለሁ። የመኪናው ኩባንያ በ1980 ቪከርስ ወደሚባል ኩባንያ ገባ። በ1998 ቪከርስ ለመሸጥ ሲፈልግ ሁለት የጀርመን ኩባንያዎች፤ ቮልስዋገንና ቢ ኤም ደብሊው፤ ተወዳደሩ። ቮልስዋገን 430 ሚሊዮን ፓውንድ ከፍሎ አሸነፈ። የክሩን ፋብሪካ፤ ማሽኑን፤ ሠራተኛውን፤ የራዲያተሩን ቅርጽና የሴቲቱን ምስል ሳይቀር ገዛ።

ነገር ግን አንድ ነገር ጎደለ። ኩባንያው ሲከፈል «ሮልስ ሮይስ» የሚለው ስም የቀረው ለአውሮፕላን ሞተር ሠሪው ነበር። የመኪናው ፋብሪካ የሚጠቀምበት በፈቃድ ነው። ስለዚህ ቮልስዋገን ቤቱን ገዝቶ የቤቱን ስም ሳያገኝ ቀረ። የስሙ ባለቤት ደግሞ ስሙን በመኪና ላይ የመጠቀም መብት በ40 ሚሊዮን ፓውንድ ለቢ ኤም ደብሊው ሰጠ። ብዙ ከተነጋገሩ በኋላ፤ ቮልስዋገን እስከ 2002 መጨረሻ ድረስ ሮልስ ሮይስን እንዲሠራ፤ ከዚያ ወዲያ ግን ቤንትሊን ብቻ ይዞ በክሩ እንዲቀር፤ ሮልስ ሮይስ ወደ ቢ ኤም ደብሊው እንዲያልፍ ተስማሙ።

ቢ ኤም ደብሊው በደቡብ እንግሊዝ፤ ጉድውድ በተባለ ስፍራ አዲስ ፋብሪካ ሠራ። ስፍራው ሮይስ ታምሞ ሥዕሉን ሲነድፍባት ከኖረባት ከዌስት ዊተሪንግ ብዙ የማይርቅ ነው። የመጀመሪያው አዲስ ፋንተም ለገዢው የተሰጠው ጥር 1 ቀን 2003 ነው። በ2023 በዓለም ላይ የተሸጡት 6,032 ናቸው። በዚያው ዓመት «ስፔክተር» የተባለው ያለ ቤንዚን በኤሌክትሪክ ብቻ የሚሄድ መኪና ለገዢዎች መድረስ ጀመረ። ሥራውን በኤሌክትሪክ ደወል የጀመረው ሰው ይህን ቢያይ የሚደነቅ አይመስለኝም፤ ምናልባት ወዲያው ይፈታታውና ጉድለቱን ይፈልግ ይሆናል እንጂ።

እንግዲህ የክርክሩ ፍርድ ይህ ነው። መኪናም ነው ያለው ጓደኛዬ እውነቱን ነው። በኤርባሳችን ክንፍ ሥር ያለው ሞተርም ነው ያለው እውነቱን ነው። ሁለቱንም የሚሠራው አንድ ኩባንያ ነው ያልሁት እኔ ግን ተሳስቻለሁ። ዛሬ ሁለት የተለያዩ ኩባንያዎች ናቸው፤ አንድ የሚያደርጋቸው ስሙ ብቻ ነው።

መደምደሚያ

«ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ይባላል። ሮልስ ከሞተ ከ100 ዓመት በላይ፤ ሮይስም ከሞተ ከ90 ዓመት በላይ ሆነ። ፋብሪካቸው ተሸጠ፤ ተከፈለ፤ ባለቤቱ ተለዋወጠ። ስማቸው ግን በ1998 እንኳ በ40 ሚሊዮን ፓውንድ የተፈለገ ሆነ። ይህን ዋጋ የሰጠው ማነው? ብሩ አይደለም። ቆዳውም አይደለም። ያ ማንም የማያየው ቡሎን ነው። 14,371 ማይል ያለ ብልሽት የተጓዘው ዘንግ ነው። ይህን ሁሉ የሠራውም ጋዜጣ ሲሸጥ ያደገ፤ ማዕርግ ከተቀበለ በኋላ እንኳ መካኒክ መባልን ያላፈረበት ሰው ነው።

እኔ ሮልስ ሮይስ መኪና እገዛለሁ ብዬ አልመኝም። ደግሞም መካኒክ ሁሉ ሮይስ ይሆናል አልልም። ነገር ግን እኛ ተማሮች እጁ በዘይት የጠቆረውን ሰው ስናይ ዝቅ አድርገን የምናይበት ልማድ ስሕተት መሆኑን ይህ ታሪክ አስተምሮኛል። የተበላሸ መኪና ቆሞ ባለቤቱ ሲጨነቅ ወደ ማን እንደሚሄድ ሁላችንም እናውቃለን። ሥራን የሚያዋርደው ዘይቱ አይደለም፤ በግዴለሽነት መሥራት ነው።

አባቴም ይህን መጽሔት እንደሚያነቡት ዐውቃለሁ። ስለዚህ ያን ቀን ያቃተኝን መልስ ዛሬ በአክብሮት አቀርባለሁ። አባባ፤ ያስተማሩኝ መካኒክ እንድሆን አይደለም ቢሉ እውነትዎን ነው። ያስተማሩኝ የያዝሁትን ሥራ በትክክል እንድሠራ ነው። ሥራው የሞተር ሥራ ቢሆንም ያንኑ ትምህርትዎን ይዤ እገባበታለሁ። ማንም የማያየውን ቡሎን አጥብቄ እንዳሰርሁ እርስዎ ባያዩትም፤ ስምዎን ተሸክሜ እንደምሠራ አልረሳም።